የአንድነት ማዕድ፦ የእናታችን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ሕይወት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዛሬው ትምህርታችን ስለ ምግብ እንማራለን። ስለ ምግብ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ምን ትምህርት አለ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ይኖር ይሆናል። አለ፤ ያውም ብዙ ትምህርት አለ። ይህንም ትምህርት በቃል ብቻ ሳይሆን በኑሮዋ ያስተማረችንን አንዲት እናት ዛሬ እናውቃታለን። ስሟ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ይባላል።

መጀመሪያ ግን ወደ ገበያ እንሂድ። ማክሰኝት የምትኖሩ ልጆች የገበያውን ቀን ታውቁታላችሁ። ገበሬው ጤፉን፣ ሽምብራውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን በአህያ ጭኖ ይመጣል። እናታችሁ ሽምብራ ገዝታ ትቆላለች፤ ትከካለች፤ ከቅመም ጋር አስፈጭታ ሽሮ ታዘጋጃለች። ጤፉም ይበጠራል፣ ይፈጫል፣ ይቦካል፤ ከዚያ በኋላ በምጣድ ተጋግሮ እንጀራ ይሆናል።

እስቲ አንድ እንጀራ ገበታችሁ ላይ ከመድረሱ በፊት ስንት ሰው እንደ ደከመበት ቁጠሩ። ያረሰ አለ፤ የዘራ አለ፤ ያረመ አለ፤ ያጨደ አለ፤ በአውድማ የወቃ አለ፤ ውኃ የቀዳ አለ፤ በጢስ ዓይኑ እያለቀሰ የጋገረ አለ። ዝናቡንና ፀሐዩን የሰጠው ደግሞ እግዚአብሔር ነው። ስለዚህ እንጀራ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ብቻችሁን ብትበሉት እንኳ የብዙ ሰው ድካም በእጃችሁ ላይ አለ።

ልጆች፣ ሰው ሦስት ዓይነት ምግብ ያስፈልገዋል። የመጀመሪያው ሥጋን የሚያቆም ምግብ ነው። ሁለተኛው ሰውን ከሰው ጋር የሚያስማማ ምግብ ነው፤ ይህም በአንድነት የሚበላ ማዕድ ነው። ሦስተኛው ለነፍስ ሕይወት የሚሆን ምግብ ነው፤ ይህም የእግዚአብሔር ቃልና ቅዱስ ቁርባን ነው። የቅድስት ወለተ ጴጥሮስን ሕይወት ስታነቡ ሦስቱንም ታገኛላችሁ። እያነበባችሁ ፈልጓቸው።

፩. በባለጠጋ ቤት

ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ የተወለደችው በ1584 ዓ.ም. ገደማ ነው። ይህም ዐፄ ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት ነው። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ ዕበያ ይባሉ ነበር። ወላጆቿ መኳንንት ስለ ነበሩ ያደገችው በሀብትና በክብር ነው። ለአካለ መጠን በደረሰች ጊዜም ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። እርሱ በዐፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ከታወቁት ታላላቅ ሹማምንት አንዱ ነበር።

እንግዲህ አስቡት፤ በዚያ ዘመን የእንዲህ ያለ ሹም ሚስት እጇን ከወፍጮ ላይ አታሳርፍም ነበር። እህሉን የሚፈጩ፣ ውኃውን የሚቀዱ፣ እንጨቱን የሚለቅሙ አገልጋዮች ነበሩ። የእመቤቲቱ ፈንታ የቀረበላትን መብላት ብቻ ነበር።

ነገር ግን የበላ ሁሉ ደስ ይለዋል ማለት አይደለም። ወለተ ጴጥሮስ ሦስት ልጆች ወልዳ ነበር። ሦስቱም በሕፃንነታቸው ዐረፉባት። በሐዘኗ ጊዜ የዚህ ዓለም ነገር ሁሉ እንደሚያልፍ አሰበች፤ ልቧም ወደ ጸሎትና ወደ ጾም አዘነበለ። ቤቷ በምግብ የተሞላ ነበር፤ ነፍሷ ግን ሌላ ምግብ ተራበች።

፪. ዘመኑ ተለወጠ

በዚያን ጊዜ በአገራችን ታላቅ ችግር መጣ። ዐፄ ሱስንዮስ የአባቶቻችንን ሃይማኖት ትተው ከሮማ የመጡትን የኢየሱሳውያንን ትምህርት መቀበል ጀመሩ። ንጉሡ ከሚቀመጡባቸው ከተሞች አንዱ ደንቀዝ ነበር። ደንቀዝን ታውቁት ይሆናል፤ ከማክሰኝት ብዙ ሳይርቅ በደጋው ላይ የሚገኝ ስፍራ ነው። የቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ዛሬም ይታያል። ስለዚህ ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም፤ የራሳችሁ አገር ታሪክ ነው።

በ1609 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያናችን ጳጳስ አቡነ ስምዖን የንጉሡን አሳብ በመቃወማቸው በጦርነት ላይ ተገደሉ። የወለተ ጴጥሮስ ባል ከንጉሡ ወገን ነበር። ይህን ባየች ጊዜ ልቧ ከዚያ ቤት ፈጽሞ ወጣ። ገና የ24 ዓመት ወጣት ሳለች ሀብቱንም ክብሩንም ትታ ለመመንኮስ ቆረጠች።

መንገዱ ግን ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ በሌሊት ከቤቷ ወጥታ በመነኮሳት እርዳታ ወደ ጣና አካባቢ ሄደች። እርሷን ፍለጋ የመጣው ሠራዊት ግን አገሬውን አስጨነቀ። ልጆች፣ በዚያ ዘመን ሠራዊት በአንድ መንደር ሲያርፍ የገበሬውን ጎተራ አራቁቶ፣ ከብቱን አርዶ ይበላ ነበር። ስለዚህ ወለተ ጴጥሮስ በእርሷ ምክንያት ድሆች እንዳይጎዱ ብላ ከተሸሸገችበት ወጥታ ተመለሰች። ነጻ ለመውጣት እየፈለገች ስለ ሌሎች ብላ መመለሷን ልብ በሉ። በኋላም ባሏ አሳቧ እንደማይለወጥ ባወቀ ጊዜ ለቀቃትና መነኰሰች።

፫. እመቤቲቱ በወፍጮ ላይ

ከመነኰሰች በኋላ ኑሮዋ ሁሉ ተገለበጠ። ትናንት እመቤት የነበረችው ዛሬ እንደ አገልጋይ ሆነች። ውኃ ለመቅዳት እንስራ አዘለች፤ እንጨት ለቀመች፤ እህል ፈጨች።

እጅ ወፍጮ አይታችኋል? ዛሬ በየከተማው የሞተር ወፍጮ ስላለ ምናልባት ያላያችሁት ትኖሩ ይሆናል። አያቶቻችሁን ጠይቁ። ከታች ሰፊ ድንጋይ አለ፤ ከላይ በሁለት እጅ የሚያዝ መጅ አለ። ሴቲቱ ጎንበስ ብላ መጁን ወደ ፊት ትገፋለች፣ ወደ ኋላ ትስባለች። ለአንድ ቤተሰብ የሚበቃ ዱቄት ለማግኘት ረጅም ሰዓት ይፈጃል። ወገብ ይቆርጣል፤ መዳፍም ይላጣል። ሥራ ያልለመደ እጅ ደግሞ ይልቁን ይቆስላል።

ለምን ይህን አደረገች? ሌላ የሚፈጭ ሰው ጠፍቶ አይደለም። ዕድሜዋን ሙሉ ሌሎች የደከሙበትን በልታለች፤ አሁን ሌሎች የሚበሉትን ለማዘጋጀት ፈለገች። ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ዝቅ ብሎ እንዳጠበ እርሷም ዝቅ ብላ ማገልገልን መረጠች። ጸሎት በቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚደረግ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። በወፍጮ ቤትም፣ በማጀትም፣ በውኃ መንገድም ይጸለያል።

በዚህ ጊዜ እግዚአብሔር አንዲት ጓደኛ ሰጣት። ስሟ እኅተ ክርስቶስ ነው። እርሷም እንደ ወለተ ጴጥሮስ ዓለምን ትታ የመጣች ናት። ሁለቱ ከተገናኙ ጀምሮ እስከ ሞት ድረስ በአንድነት ኖሩ። መልካም ጓደኛ ለነፍስ እንደ ስንቅ ነው።

፬. ስለ ሃይማኖት በፍርድ ፊት

በ1614 ዓ.ም. ንጉሡ የሮማን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ። በ1618 ዓ.ም. ደግሞ ከሮማ ተሹሞ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ የአገሩን ሰው በሙሉ ወደዚያ እንዲገባ አዘዘ። ቅዳሴው እንዲለወጥ፣ የጾሙና የበዓላቱም ሥርዓት እንዲለወጥ ትእዛዝ ወጣ።

ልጆች፣ ነገሩን በደንብ አስተውሉት። አባቶቻችንና እናቶቻችን መቼ እንደሚጾሙ፣ መቼ እንደሚፈስኩ፣ ከየትኛው ካህን እጅ ሥጋ ወደሙን እንደሚቀበሉ ያውቁ ነበር። አሁን ግን ይህ ሁሉ ተናወጠ። የሥጋ ምግብ በጎተራው ቢኖርም የነፍስ ምግባቸውን እንደ ልማዳቸው እንዳያገኙ ተከለከሉ። አንዳንዱ ፈርቶ ተቀበለ። አንዳንዱ ጨነቀው። ሌላው ደግሞ ቤቱንና እርሻውን ጥሎ ወደ በረሃና ወደ ደሴት ተሰደደ።

ወለተ ጴጥሮስ ዝም አላለችም። በየሄደችበት ሕዝቡ በአባቶቹ ሃይማኖት እንዲጸና ታስተምር ነበር። በቅዳሴ ጊዜም ሃይማኖቱን የለወጠ ንጉሥ ስሙ እንዳይነሣ ትናገር ነበር። ይህም በተሰማ ጊዜ ተይዛ በንጉሡና በመኳንንቱ ፊት ለፍርድ ቆመች። ንጉሡ ሊያስገድሏት አስበው ነበር፤ ነገር ግን ዘመዶቿና የቀድሞ ባሏ ስለ ማለዱላት ከሞት ዳነች።

በኋላም እንደገና ተይዛ ፓትርያርኩና መምህራኑ አሳቧን ሊያስለውጡ ብዙ ደከሙ። እርሷ ግን አልተለወጠችም። በመጨረሻም ዠባይ ወደሚባል ሩቅ ቆላ አገር ተጋዘች። በዚያም ሦስት ዓመት በግዞት ኖረች።

፭. በበረሃ የተዘረጋ ማዕድ

እናንተ በደጋና በወይና ደጋ አየር ያደጋችሁ ናችሁ። ቆላ ወርዳችሁ ታውቁ እንደሆነ ፀሐዩ እንዴት እንደሚያቃጥል፣ ወባው እንዴት እንደሚጥል ታውቃላችሁ። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በዚያ አገር በጠባቂ እጅ ነበረች። ንጉሡ ብቻዋን ስትሆን ትደክማለች፣ ተስፋም ትቆርጣለች ብለው ሳያስቡ አልቀሩም።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ስለ ሃይማኖታቸው የተሰደዱ ወንዶችና ሴቶች እየፈለጉ ወደ እርሷ መጡ። መነኮሳት መጡ፤ መነኮሳይያት መጡ፤ ምእመናንም መጡ። ግዞት ቤት ሊሆን የታሰበው ቦታ ማኅበር ሆነ። ከሰባቱ ማኅበሮቿ የመጀመሪያው የተተከለው በዚያ በቆላ በዠባይ ነው።

ሦስቱ ዓመት ሲፈጸም ከግዞት ወጣች። ከዚያ በኋላ በጣና ዙሪያ እየተዘዋወረች ሌሎች ማኅበሮችን መሠረተች። ዘጌ ከእነዚህ አንዱ ነው። ከስፍራ ወደ ስፍራ ስትሄድ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ሐይቁን ትሻገር ነበር። ጣና ማዕበል አለው፤ ጉማሬም አለው። ይሁን እንጂ ልጆቿን ለመጠየቅ ከመሄድ አልተመለሰችም።

አሁን የማኅበሩን ሥርዓት ስሙ። በወለተ ጴጥሮስ ማኅበር ይህ የእኔ ነው የሚል አልነበረም። ከመኳንንት ቤት የመጣችውም፣ ከድሀ ቤት የመጣችውም አንድ ዓይነት ምግብ በአንድነት ይበሉ ነበር። ለአንዱ ነጭ እንጀራ፣ ለሌላው ጥቁር እንጀራ አይቀርብም። ለብቻው ሸሽጎ የሚበላ አይፈቀድለትም። የታመመ ይጠየቃል፤ ደካማም ይታገዛል። እርሷ ራሷ የማኅበሩ እናት ስትሆን ከሁሉ ያነሰ ትበላ፣ ከሁሉ የበለጠ ትሠራ ነበር።

ይህን ሥርዓት ከየት አመጣችው? ከሐዋርያት ነው። ጌታችን ካረገ በኋላ በኢየሩሳሌም የነበሩት ምእመናን ያላቸውን ሁሉ በአንድነት አድርገው፣ እንጀራ እየቈረሱ በደስታ ይመገቡ እንደ ነበር በሐዋርያት ሥራ ተጽፏል። ወለተ ጴጥሮስም ያንኑ ኑሮ በአገራችን በጣና ዳር አሳየችን።

ምናልባት ይህ ቀላል ነገር ይመስላችሁ ይሆናል። ቀላል አይደለም። በስደት ጊዜ ምግብ ያንሳል። ምግብ ሲያንስ ሰው ለራሱ ይሰስታል፤ ባልንጀራውንም በክፉ ዓይን ማየት ይጀምራል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ማኅበር የሚፈርሰው በንጉሥ ሠራዊት ብቻ አይደለም፤ በአንድ ተሸሽጎ በተበላ ቁራሽም ሊፈርስ ይችላል። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ይህን ስላወቀች ማዕዱን እንደ ሃይማኖቷ ጠበቀችው።

፮. ሰላም ተመለሰ

በሃይማኖት ምክንያት በአገሩ ብዙ ደም ፈሰሰ። ዐፄ ሱስንዮስም የወገናቸውን ደም ባዩ ጊዜ አዘኑ። በ1624 ዓ.ም. በሰኔ ወር ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲል ተዉ። ተሰደው የነበሩት ወደየአገራቸው ተመለሱ። ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ቀድሞው ተቀደሰበት፤ ሕዝቡም ሥጋ ወደሙን ያለ ፍርሃት ተቀበለ።

ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ግን ጊዜው መልካም ሆነ ብላ ወደ ሀብቷ አልተመለሰችም። ማኅበሮቿን እየጠበቀች፣ እየጾመችና እየጸለየች ኖረች። በምንኵስና 26 ዓመት ከኖረች በኋላ ታማ በ50 ዓመቷ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ዐረፈች። የተቀበረችውም በጣና ሐይቅ ውስጥ በሬማ ደሴት ነው። ከእርሷ በኋላ እኅተ ክርስቶስ ማኅበሩን መራች። ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ገድሏን በግእዝ ጻፈ። በጣና ዳር በቆራጣ በስሟ የተተከለው ቤተ ክርስቲያንም የታወቀ ነው።

ኅዳር 17 የጾመ ነቢያት ሦስተኛው ቀን እንደ ሆነ አስተውላችኋል? ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። ስለዚህ የእርሷ መታሰቢያ ዝክር ሥጋና ቅቤ የለበትም፤ የጾም ምግብ ነው። ዕድሜዋን በጾም ላሳለፈች እናት የሚገባ መታሰቢያ ነው።

፯. ከዚህ ምን እንማራለን?

ልጆች፣ እኛ በዠባይ በረሃ አይደለንም። ነገር ግን በየቀኑ ማዕድ ይቀርብልናል። የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ልጆች መሆናችን በዚያ ማዕድ ላይ ይታወቃል።

አንደኛ፣ ከመብላታችሁ በፊትና ከበላችሁ በኋላ ጸልዩ። ምግቡን የሰጠው እግዚአብሔር መሆኑን የምናስታውሰው በጸሎት ነው። እንጀራ አትጣሉ፤ ቁራሹንም አትርገጡ። ጌታችን በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ 5000 ወንዶችን ካጠገበ በኋላ እንኳ የተረፈው ቁርስራሽ እንዲሰበሰብ አዝዟል። የሚያበዛው እርሱ ሲሆን እንዲህ ካዘዘ፣ እኛማ ምን ያህል መጠንቀቅ ይገባናል!

ሁለተኛ፣ ያዘጋጀውን ሰው አስቡ። ወንድ ልጅ ብሆን ማጀት ምን አገባኝ አትበሉ። ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ሽምብራ መልቀም፣ ገበታውን ማንሣት ለወንድም ለሴትም ነው። የሹም ሚስት የነበረችው ወፍጮ ካልናቀች፣ እኛ ምን የምንንቀው ሥራ አለ?

ሦስተኛ፣ በአንድነት ብሉ። በአገራችን ለሰንበቴና ለማኅበር ሰው ሁሉ በአንድነት የሚቀመጠው ለመጥገብ ብቻ አይደለም። በዚያ ቦታ የተጣላ ይታረቃል፤ የጠፋ ይጠየቃል፤ ድሀውና ባለጠጋው ከአንድ ዳቦ ይቈርሳሉ። በትምህርት ቤታችሁ ስንቅ ሳይዝ የሚመጣ ልጅ ካለ ምን ታደርጋላችሁ? ፊታችሁን አዙራችሁ ትበላላችሁ ወይስ ትካፈላላችሁ? ስትካፈሉም በሰው ፊት አታሳፍሩት። ጠርታችሁ አብራችሁት ተቀመጡ እንጂ ቁራሽ ወርውራችሁ አትለፉ።

አራተኛ፣ እንደ አቅማችሁ ጹሙ። የጾም ትርጉም መራብ ብቻ አይደለም። ከምሳችን የቀረው ለተራበው ካልደረሰ ጾማችን ጎደሎ ነው። ጾም የተሠራልን ሆዳችን እንዳይገዛን፣ እኛ ሆዳችንን እንድንገዛ ነው። በሰሜኑ በዋልድባ ገዳም ያሉ አባቶች እህል ሳይቀምሱ ቋርፍ እየተመገቡ ይኖራሉ። እኛ ያን ያህል አንችልም፤ የቤተ ክርስቲያንን አጽዋማት ግን እንደ አቅማችን መጠበቅ እንችላለን።

አምስተኛ፣ ከሁሉ የሚበልጠውን ምግብ አትርሱ። በቤተ ክርስቲያናችሁ ቅጥር ግቢ ቤተ ልሔም የሚባል ቤት አለ፤ ትርጉሙ የእንጀራ ቤት ማለት ነው። ለቁርባን የሚሆነው ኅብስት በዚያ ከንጹሕ ስንዴ ይዘጋጃል፤ ወይኑም ከዘቢብ ይዘጋጃል። ስንዴው በእርሻችን የሚበቅለው ያው ስንዴ ነው፤ በቅዳሴው ጸሎት ግን የጌታችን ቅዱስ ሥጋ ይሆናል። ትልልቆቹ ይህን ለመቀበል 18 ሰዓት ይጾማሉ፤ ለሕፃናት ግን እንደ ዕድሜያቸው ነውና ወላጆቻችሁንና ካህኑን ጠይቁ። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ሀብቷን ያጣችውና በበረሃ የተንገላታችው ይህን ማዕድ አባቶቿ ባስተማሯት ሥርዓት ለመቀበል ነው። እኛ ዛሬ ደጃችን ላይ ሳለ በእንቅልፍ ወይም በጨዋታ ምክንያት ብናጣው ምን ይባላል?

የማጠቃለያ ጥያቄዎች

፩. ሰው የሚያስፈልጉት ሦስቱ ምግቦች ምን ምን ናቸው? ከቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ሕይወት ለእያንዳንዱ አንድ ምሳሌ ስጡ።
፪. ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ከተሸሸገችበት ወጥታ የተመለሰችው ለምን ነበር?
፫. በማኅበሯ ውስጥ ሸሽጎ መብላት ያልተፈቀደው ለምን ይመስላችኋል?
፬. የዕረፍቷ መታሰቢያ መቼ ነው? በየትኛው ጾም ውስጥ ይውላል?
፭. የቤት ሥራ፦ በዚህ ሳምንት በቤታችሁ አንድ ምግብ ሲዘጋጅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እርዱ። ከዚያም ስንት ሰው እንደ ደከመበት ቈጥራችሁ በሚቀጥለው እሑድ ለጓደኞቻችሁ ንገሩ።

የእናታችን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ጸሎቷና በረከቷ ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር